ጉንፋን በበዛበት ወቅት የትኛው ማደንዘዣ ይሻላል?



ከእናንተ መካከል ልጅ ይበቃናል ብላችሁ ለማህፀን ቱቦ ማስቋጠር ቀጠሮ የያዛችሁ አላችሁ። ሰሞኑን እናቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ፣ “ሙሉ በሙሉ ተኝቼ ቢሠራልኝ አይሻልም ወይ?” እያሉ ነው።

በዚህ ቀዶ ሕክምና ከእምብርት በታች የሚከፈተው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በዚያው ቀንም ወደ ቤት ይገባል። ስለዚህ ለአብዛኞቹ እናቶች ቦታውን ብቻ የሚያደነዝዘው የሊዶኬይን መርፌ ከቀላል ማስታገሻ ጋር ይበቃል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ምላጩ አያምም፣ ቱቦው ሲያዝ ግን የመሳብ ስሜት አለ። ይህ ሳይነገራት የገባች እናት ብትደነግጥ ጥፋቱ የእኛ የባለሙያዎቹ ነው።

በሙሉ ማደንዘዣ ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ በጉሮሮ በኩል የመተንፈሻ ቱቦ ይገባል። ጉንፋን የያዘው ሰው የአየር መተላለፊያው ስለተቆጣ ድንገት ሊኮማተርና ኦክስጅን ሊያንሰው ይችላል። ኮቪድ 19 በመጋቢት 2012 ዓ.ም. አገራችን ከገባ ወዲህ ደግሞ፣ ቱቦው ሲገባና ሲወጣ የሚመጣው ሳል በክፍሉ ላሉት ሁሉ እንደሚያሰጋ ይበልጥ ተገንዝበናል።

“እንግዲያው በመርፌው ከሆነ እያሳልኩም ብመጣ ምን አለበት?” ትሉ ይሆናል። አይሆንም! አንዲት የአራት ልጆች እናት ቀጠሮዬ ያልፍብኛል ብላ ሳሏን ደብቃኝ ነበር። ጋዋን ለብሳ ተራዋን ስትጠብቅ ትንፋሿ ሲቆራረጥ አየሁ፤ ትኩሳትም ነበራት። የሳምባ ምች ሆኖ ተገኘ። ባለቤቷ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ስለመጣ ተቆጣ፤ አልፈርድበትም። እርሷን ያስለቀሳት ግን “እስከዚያ ባረግዝስ?” የሚለው ነበር። እርግዝና አለመኖሩን አረጋግጠን የሦስት ወሩን መርፌ በዚያው ቀን ወሰደች። ድና ስትመለስ ቀዶ ሕክምናው በአካባቢ ማደንዘዣ ተሠራላት፤ ማታውን እቤቷ አደረች።

እናንተ ባሎችም አስቡበት፤ የወንዱ ቱቦ ሲቋጠር ሆድ አይከፈትም፣ የአካባቢ ማደንዘዣ ይበቃዋል። ነገር ግን እስከ 3 ወር ድረስ ኮንዶም ወይም ሌላ መከላከያ አትተዉ።

ሳል፣ ትኩሳት፣ አስም ወይም መድኃኒት ሲወስዱ የሚያሳክክ ነገር ካለ ከቀጠሮው ቀን በፊት ንገሩን። ቀኑን እንለውጥላችኋለን።