ወላጆቹ የት ነበሩ?



ወጣት ልጅ ከትምህርት ቤት ሲታገድ ወይም በፖሊስ ሲያዝ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ወላጆቹ የት ነበሩ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብቻ ጠያቂው መልሱን ሳይሰማ ይፈርዳል።

በሰሜን ካሮላይና ምዕራባዊ ተራሮች እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ 1,420 ልጆችን የተከታተለ ጥናት አለ። አንድ አራተኛ ያህሉ የቼሮኪ ነባር ሕዝብ ተወላጆች ነበሩ። ጥናቱ በመካሄድ ላይ ሳለ፣ በቼሮኪዎቹ ምድር ካዚኖ ተከፈተና ከትርፉ ለእያንዳንዱ የነገዱ አባል በየ6 ወሩ ገንዘብ ይከፋፈል ጀመር። ገንዘቡ የደረሳቸው በአስተዳደጋቸው ልቀት አልነበረም፤ ስለዚህ ገቢ ምን እንደሚለውጥ ለመመርመር ብርቅ አጋጣሚ ሆነ። ጄን ኮስቴሎና ባልደረቦቿ በ2003 ያሳተሙት ውጤት እንደሚያሳየው፣ ከድህነት በወጡት ቤተሰቦች ልጆች ዘንድ እንቢተኝነትና ጠብ አጫሪነት ቀንሶ ከመጀመሪያውም ድሃ ካልነበሩት ጋር ተስተካከለ። ጭንቀትና ድባቴ ግን እምብዛም አልተለወጡም። ለውጡን በዋናነት ያብራራው የወላጆች ክትትል መጠናከር ነበር።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በአገር ቤት ልጅን የሚቆጣው ጎረቤትም፣ አክስትም፣ ባለሱቁም ነበር። እዚህ ያ ሁሉ ዓይን ቀርቶ ክትትሉ በሁለት፣ አንዳንዴም በአንድ የደከመ ሰው ትከሻ ላይ ወድቋል፤ ያም ሰው ሌሊት ታክሲ ያሽከረክራል፣ ወይም በአረጋውያን መጦሪያ ተረኛ ነው። የወላጅነት ሥልጠና ከሚያቀርቡልን መካከል፣ ሥልጠናው በማን ሰዓት እንደሚሰጥ ስንቶቹ አስበው ይሆን?

እንግዲህ የገቢ ሕግ የልጆች ጠባይ ሕግም ነው። ቻይልድ ታክስ ክሬዲት በሰፋበት በ2021 የአሜሪካ የሕፃናት ድህነት፣ በቆጠራ ቢሮው ተጨማሪ መለኪያ፣ ወደ 5.2 በመቶ ወርዶ ነበር፤ ጭማሪውና ሌሎች የወረርሽኝ ዘመን ድጎማዎች ሲቋረጡ በ2022 ወደ 12.4 በመቶ አሻቀበ።

ሁለተኛው ጉዳይ አነስተኛ ይመስላል። በትምህርት ቤት የሥነ ሥርዓት ስብሰባ አስተርጓሚ ሲጠፋ፣ ለእናቱ የሚያስተረጉመው ጥፋተኛ የተባለው ልጅ ራሱ ነው። ምኑን ነግሯት ምኑን እንደሚያስቀር መገመት አያዳግትም፤ ከዚያ ወዲያ በቤት ውስጥ ማን ማንን ይመራል? የዋሽንግተን ዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ በ2004 ወጥቷል፤ አማርኛም የመንግሥት ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የምንጠይቀው፣ ባለሙያ አስተርጓሚ ሳይቀርብ ልጅን የማገድ ውሳኔ እንዳይሰጥ፣ ስብሰባውም ወላጅ ደመወዙ ሳይቆረጥበት ሊገኝ በሚችልበት ሰዓት እንዲጠራ በደንብ እንዲደነገግ ነው።