ባክቴሪያው መርፌ አለው፤ በሩን የሚከፍትለት ግን ቢላዋችን ነው
ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ገለጻ



ከጂንካ ወደ አሪ ደጋ ስንወጣ ጓሮውን የሞላው እንሰት ነው። ዝናብ ሲቀርና እህል ሲያልቅ ቤተሰብ የሚያድረው በቆጮና በቡላ ነው። አንድ እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ግን ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። አጠውልግ በሽታ ይህን የዓመታት ድካም በአጭር ጊዜ ያጠፋል። በመርጨት የሚያድን መድኃኒትም የለውም። ስለዚህ ምልክቱን ማወቅ ብቻ አይበቃንም። በሽታው እንዴት እንደሚሠራ ያወቀ አርሶ አደር የት ላይ እንደሚያቆመውም ያውቃል።

1. በሽታው ምንድን ነው?

መንስኤው ዛንቶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። የአገራችን ተመራማሪ ዳኛቸው ይርጉ ከብራድበሪ ጋር በእንሰት ላይ መገኘቱን በ1968 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አሳወቁ። በ1974 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሙዝንም እንደሚያጠቃ ገለጹ። በ2001 እ.ኤ.አ. በዩጋንዳ ታይቶ የሙዝ እርሻቸውን ክፉኛ ጎድቷል። ስለዚህ በጓሯችሁ ሙዝ ያላችሁም ነገሩ ይመለከታችኋል።

2. ባክቴሪያው እንዴት ያጠቃል?

ተክል ዝም ብሎ አይሸነፍም። ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚያውቅበትና የሚከላከልበት መንገድ አለው። ባክቴሪያው ይህን መከላከያ የሚያልፍበት ግን የራሱ መሣሪያ አለው። ሳይንሱ «ሦስተኛው ዓይነት የማስወጫ ሥርዓት» ይለዋል። ከባክቴሪያው አካል የሚወጣ፣ በዓይን የማይታይ ቀጭን መርፌ ነው ብላችሁ ያዙት። ባክቴሪያው በዚህ መርፌ የራሱን ፕሮቲኖች በተክሉ ሕዋስ ውስጥ ይጨምራል። ፕሮቲኖቹ የተክሉን መከላከያ ያፍናሉ፤ ዘበኛውን አፉን ይዞ እንደሚገባ ሌባ ማለት ነው። ከዚያ ባክቴሪያው ይራባል፣ የሚያዝለገልግ ፈሳሽ ያመርታል፣ ውሃ የሚያልፍባቸውን ቧንቧዎች ይዘጋል። መሬቱ እርጥብ ሆኖ ሳለ እንሰቱ የሚጠወልገው ለዚህ ነው።

አሁን ዋናውን ነጥብ ልብ በሉ። መርፌው የሚበቃው ለአንዲት ሕዋስ ብቻ ነው። የእንሰቱን ውጫዊ ግንድ በስቶ መግባት አይችልም። ቁስል ይፈልጋል። ጃርትና ፍልፈል ያቆስላሉ፣ ከብትም ቅጠል ይነጫል፤ በአበባ በኩል ደግሞ ነፍሳት ያመላልሱታል። ከሁሉም በላይ በሩን የሚከፍትለት ግን ከታመመው ተክል ወደ ጤነኛው የሚሄደው የእኛው ቢላዋ ነው።

3. ባክቴሪያ ከባክቴሪያም ጋር ይዋጋል

አፈር ውስጥ ምግብም ቦታም ለሁሉም አይበቃም። ስለዚህ ብዙ ባክቴሪያዎች እርስ በርስ የሚዋጉባቸው መሣሪያዎች አሏቸው። አንዱ «ስድስተኛው ዓይነት» የሚባለው ነው። እንደ ጦር ተፈናጥሮ ጎረቤት ባክቴሪያን ይወጋና መርዝ ያስገባበታል። ሌሎች ደግሞ ገዳይ ንጥረ ነገር ያመነጫሉ።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? የአጠውልግ ባክቴሪያ እንሰቱ ውስጥ ጌታ ቢሆንም አፈር ውስጥ ብዙ ተቀናቃኝ ይገጥመዋል። በዩጋንዳ በተደረገ ጥናት፣ ሌሎቹ ጥቃቅን ነፍሳት በሙቀት በተገደሉበት አፈር ረዘም ላለ ጊዜ ሲቆይ፣ ሕይወት ባለው አፈር ግን ቶሎ አልቋል። የታመመውን ከነአሚቾው ነቅለን መሬቱን ከእንሰትና ከሙዝ ብናሳርፈው አፈሩ ራሱ ያግዘናል። አሚቾውን መሬት ውስጥ ከተውነው ግን መደበቂያ ሰጠነው።

4. ምን እናድርግ?

ሀ. በየጊዜው እንቃኝ። መጀመሪያ የሚጠወልገውና ቢጫ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ የመካከሉ ልብ ቅጠል ነው። ከተጠራጠራችሁ የቅጠሉን ዘንግ ቁረጡና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ክሬም ወይም ቢጫ መልክ ያለው የሚያዝለገልግ ፈሳሽ ካወጣ አጠውልግ ነው።

ለ. የታመመውን ከነአሚቾው ነቅለን እዚያው አቅራቢያ በጥልቅ ጉድጓድ እንቅበር። በጤነኛው መካከል አንጎትት፣ ለከብት አንስጥ፣ ወንዝ ውስጥ አንጣል።

ሐ. ቦታው ላይ ቢያንስ ለስድስት ወር እንሰትም ሙዝም አንትከል። ቦሎቄ፣ ስኳር ድንች ወይም ጎመን ይዘራበት።

መ. ችግኝ ከታመመ ጓሮ አንውሰድ።

ሠ. የሙዝን የአበባ እምቡጥ በቢላዋ ሳይሆን በባላ እንጨት ጠምዝዘን እንስበር።

ረ. ቢላዋ፣ ገጀራና ማጭድ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲያልፉ በእሳት እስኪግሉ ይያዙ፤ ወይም አንድ እጅ በረኪና በአምስት እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ንከሯቸው። በውሃ ማጠብ ብቻ አይበቃም። ሥራውም ከጤነኛው ተጀምሮ በታመመው ያልቅ።

«እሳት ስለቱን ያበላሸዋል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ግን ስለት በሞረድ ይመለሳል። የስድስት ዓመት እንሰት አይመለስም።

5. አደራ

በደቦ ጊዜ የሰው ሁሉ ቢላዋ በአንድ ጓሮ ይገናኛል። መግቢያው ላይ እሳት ይነድ፤ ማንም በእሳት ያላለፈ ስለት ይዞ አይግባ። ይህ ጎረቤትን መጠርጠር ሳይሆን የሁሉንም ጓሮ መጠበቅ ነው።

ሁለተኛ፣ እንሰት ቆርጠው የሚፍቁት በአብዛኛው እናቶቻችንና እህቶቻችን ናቸው። እዚህ የሰማነው ቤት ካልደረሰ ሥልጠናው ዋጋ የለውም። ዛሬ ማታ በምድጃው ዳር ንገሯቸው፤ የሚቀጥለውም ሥልጠና ላይ አብረዋችሁ ይምጡ።

ሦስተኛ፣ በሽታ ሲገባ እንዳንደብቅ። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። አንድ እንሰት ታሞ በዕለቱ ለጎረቤትና ለልማት ሠራተኛ ከተነገረ የሚቀበረው ያ አንዱ ሊሆን ይችላል። አፍሮ ዝም ያለ ሰው ግን የራሱን ጓሮ ብቻ ሳይሆን የመንደሩን እንሰት ለአደጋ ያጋልጣል። ሞዴል ማለት ጓሮው የማይታመምበት ሰው አይደለም፤ ሲታመም ቀድሞ የሚናገርና ቀድሞ የሚነቅል ነው።

አሁን ቢላዋችሁን ይዛችሁ ወደ ሠርቶ ማሳያው እንሂድ፤ እሳቱ ነዷል።