የቺዋዋ ውሻ አመጣጥ



የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ አፈሩን መርጣ ቅርጽ ትሰጠዋለች እንጂ አትፈጥረውም። የትንሿ ውሻ የቺዋዋ ታሪክም ይህንኑ ይመስላል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያቀርቧት የነበረችውና በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ግቢ የተቀበረችው ሉሉ ከዚህ ዘር ትቆጠራለች። ዝርያው ስሙን ያገኘው ከሜክሲኮዋ የቺዋዋ ግዛት ሲሆን፣ የአሜሪካ ወዳጆቹ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1923 ተቋቋመ። ሆኖም ትንሽነቱ የአርቢዎች ፈጠራ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፣ የውሻን ቁመና ከሚያሳንሱት የዘረመል ዓይነቶች ዋነኛው ዕድሜው ከ50,000 ዓመት በሚበልጥ የሳይቤሪያ ተኩላ ቅሪት ውስጥ ተገኝቷል። የሰው ድርሻ መምረጥ ነው። ምርጫው ልክ ሲያጣ ጥርስ ይጣበባል፤ ወሊድም ይከብዳል። የተሰነጠቀ ሸክላ በሌላ ይተካል፤ ሕይወት ግን አይተካም። ስለዚህ አርቢ ከመልክ አስቀድሞ ጤንነትን ሊመርጥ ይገባዋል።