ስለ አእምሮ ሕመም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



በዚህ በደስታ ቀን ሌላ ነገር ብናገር በወደድሁ ነበር፤ ነገር ግን ሕሊናዬን የሚከነክነኝ አንድ ጉዳይ ስላለ እርሱን አስቀድማለሁ። ልጅ ሳለሁ እዚሁ ጎፋ ብቻውን እያወራ የሚሄድ አንድ ሰው ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ «እብዱ መጣ!» እያልን እንከተለው ነበር፤ እኔም አንድ ቀን ድንጋይ ወርውሬበታለሁ። የሕመሙን ምንነት ባውቅ ኖሮ እጄ ባልተነሣ ነበር።

ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ሕመም ያደረበት ሰው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ ሰዎች የሚያሴሩበት ይመስለዋል፤ ሐሳቡም ይበታተንበታል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት ነው።

እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1976 ኢቭ ጆንስተንና ባልደረቦቻቸው ለንደን ውስጥ ሕመሙ የቆየባቸውን ሰዎች ጭንቅላት በኮምፒዩተር በሚሠራ ራጅ ቢመረምሩ፣ በአንጎል ውስጥ ያሉት ፈሳሽ የሞላባቸው ክፍተቶች ከጤነኞቹ ይልቅ ሰፍተው አገኙ። በ2016 የወጣ ጥናትም ከ2,000 የሚበልጡ ሕሙማንን ከ2,500 ከሚበልጡ ጤነኞች ጋር አነጻጽሮ፣ የክፍተቶቹን መስፋትና ለማስታወስ የሚያገለግለው ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍል በመጠኑ ማነሱን አሳየ።

ይሁን እንጂ ልዩነቱ በአማካይ ነው። ወንድ በአማካይ ከሴት ቢረዝምም በቁመት ብቻ ወንድና ሴት እንደማይለይ ሁሉ፣ በአንጎል ፎቶግራፍ ብቻ «ይህ ሰው ታሟል» ሊባል አይቻልም። ሐኪሙ የሚያውቀው ታማሚውንና ቤተ ሰቡን አነጋግሮ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በዚያው አቈጣጠር ከ1998 ጀምሮ በቡታጅራ አካባቢ የኢትዮጵያ ሐኪሞች ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ከ68,000 የሚበልጡ ሰዎችን አስጠይቀው ከ300 በላይ የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን አገኙ። ከእነዚህም አብዛኞቹ ለሕመማቸው መድኃኒት ወስደው አያውቁም ነበር። ሕመሙ ሳይሆን ይህ ነው ይበልጥ የሚያሳዝነው፤ መድኃኒቱ ለብዙዎች ድምፁን ዝም ያሰኛልና።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ጠባዩ ቢለወጥ፣ ከሰው ቢሸሽ፣ ብቻውን ቢያወራ፣ አፍራችሁ ጓዳ አትደብቁት፤ በሰንሰለትም አትሰሩት። በከተማችን የአማኑኤል ሆስፒታል አለ። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ እግሩ የተሰበረን ሰው በድንጋይ የሚመታ የለም። አንጎልም እንደ እግር የሰውነት ክፍል ነው፤ ይታመማል።

ያን ሰው ይቅርታ ልጠይቀው ፈልጌ አላገኘሁትም። ስለዚህ ለእናንተ ነገርኋችሁ።