በኮምፒውተር ለሚመራ ቴሌስኮፕ የሰማይ ጉብኝት ስለ ማዘጋጀት፦ ከሱሉልታ፣ ከቡራዩና ከሰበታ አንጻር



በኮምፒውተር የሚመራ ቴሌስኮፕ ሲገዛ «የሰማይ ጉብኝት» የሚባል ፕሮግራም አብሮት ይመጣል። ተመልካቹ ቁልፍ ይጫናል፤ ሞተሩ ቴሌስኮፑን ከአንዱ የሰማይ አካል ወደ ሌላው ያዞረዋል፤ በእጅ መቆጣጠሪያው ላይም አጭር ገለጻ ይነበባል። ጉብኝቱ በመሠረቱ ቅደም ተከተል ያለው ዝርዝር ነው። በአንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ በሚድ ኩባንያ አውቶስታር፣ ባለቤቱ ራሱ በተራ የጽሑፍ ፋይል አዘጋጅቶ ሊጭነው ይችላል። የዛሬው ንግግሬ ያንን ፋይል ስለ መጻፍ ነው። ፋይሉ አዲስ አበባን ለከበቡት ከተሞች፣ ያውም ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ መጻፍ አለበት ብዬ እከራከራለሁ።

የምንኖረው በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ ነው። ስለዚህ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል፤ አንድ ኮረብታ ወይም አንድ ፎቅ ይሸፍነዋል። በአንጻሩ ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለው ደማቅ ሉላዊ የከዋክብት ክምችት በ40 ዲግሪ ሰሜን ለሚኖር ሰው ከአድማስ ሁለት ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ብቅ ሲል፣ ለእኛ 33 ዲግሪ ይወጣል። ለሰሜኑ ዓለም ተመልካች የተጻፈ ጉብኝት ይህን ክምችት ቢዘለው አይፈረድበትም፤ እኛ ብንዘለው ግን ይፈረድብናል።

ሌላም ችግር አለ። አልቴር የተባለው ኮከብ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ በትክክል በአናታችን ላይ ያልፋል ማለት ይቻላል። ከመስቀል ማግሥት ባሉት ምሽቶች፣ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲከፈት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ እዚያው ነው። ወደ ጎንና ወደ ላይ ብቻ የሚንቀሳቀስ ቴሌስኮፕ አናት ላይ ያለን ኮከብ ለመከተል ወገቡን በድንገት ማዞር ይኖርበታል፤ አቅጣጫውም ትርጉም ያጣል። ስለዚህ አልቴርን በዚያ ሰዓት ለማስተካከያ ኮከብነት መምረጥ አይገባም፤ በጉብኝቱም ውስጥ የሚገባው አናትን ሳይደርስ ወይም ካለፈ በኋላ ነው።

ኬክሮሳቸው ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ ሦስቱን ከተሞች የሚለያያቸው የአዲስ አበባ ብርሃን ነው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ በስተ ሰሜን ናት። ደቡብን ስታይ የተራራው ጫፍና ከበስተ ኋላው የሚወጣው የከተማ ፍካት ይገጥማታል፤ ከ21 ዲግሪ ገደማ በላይ የማይወጣው የደቡብ መስቀልም ከዚያ ፍካት ጋር ይታገላል። ሰበታ ግን ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ ስለሆነች ደቡቧ ከዋና ከተማዋ ብርሃን ይርቃል። በግንቦት፣ ደመና ካልከለከለ፣ የደቡብ መስቀልንና ኦሜጋ ሴንታውሪን ማሳየት የሚገባት እሷ ናት። ለቡራዩ ፍካቱ የሚመጣው ከምሥራቅ ነው፤ እዚያ ጉብኝቱ ገና በመውጣት ላይ ያሉትን ትቶ ወደ ምዕራብ ያዘነበሉትን ቢያስቀድም ይሻላል።

ሱሉልታ ታዲያ ምን ይቀራት? ሰሜኑ! እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ባካሄደው የስያሜ ዘመቻ ኢትዮጵያ በአንድሮሜዳ ውስጥ ለሚገኝ አንድ ኮከብ «ቡና»፣ ለሚዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል» የሚል ስም አውጥታለች። ኮከቡ በባዶ ዓይን አይታይም፤ በትንሽ ቴሌስኮፕ ግን ይታያል። በታኅሣሥ ምሽቶች ወደ ሰሜን 57 ዲግሪ ከፍታ ላይ ይደርሳል። በአጠገቡ ኤም 34 የተባለ የከዋክብት ክምችት ስላለ ሁለቱን አከታትሎ ማሳየት ይቻላል። አቦልን ማንም በዓይኑ አያይም፤ ይህንን ለልጆቹ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። ማታ 2 ሰዓት ለመሣሪያው 20:00 ነው። አንድ ሰው የእጁን ሰዓት አይቶ 2 ብሎ ከሰዓት በኋላ የሚለውን ቢመርጥ የስድስት ሰዓት ስሕተት ይፈጠራል፤ ሰማይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለሚዞር ቴሌስኮፑ 90 ዲግሪ ይስታል። የዓመተ ምሕረቱ ስሕተት ደግሞ ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። ወርና ቀኑ በፈረንጆች ተሞልቶ ዓመቱ ብቻ በእኛ ቢገባ ከዋክብቱ በቦታቸው ያሉ ይመስላሉ፤ ጁፒተር ግን በ12 ዓመት ገደማ ሰማይን የሚዞር በመሆኑ ፈጽሞ በሌለበት ይፈለጋል። ስለዚህ በጉብኝቱ መግቢያ ላይ የሰዓትና የዘመን ማስታወሻ እንዲኖር አጥብቄ እመክራለሁ።

የዝርዝሩ ርዝመትስ? 30 ተማሪ ተሰልፎ እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ቢያይ አንድ የሰማይ አካል ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። በሁለት ሰዓት የሚታየው አራት ብቻ ነው። ሃያና ሠላሳ አካላትን የሚደረድር ጉብኝት የተጻፈው ለብቸኛ ተመልካች ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ቴሌስኮፕ ባለበት ሁሉ ሰልፍ አለ። አራቱን መምረጥ ከፕሮግራሙ ሥራ ሁሉ ከባዱ ይመስለኛል። ቀድመው የሚጠልቁት መጀመሪያ ይምጡ፤ ትንንሾቹ ልጆች ሳይሄዱ ደማቁ አካል ይታይ።

በመጨረሻ ቋንቋው። የአውቶስታር መስኮት ሁለት መስመር፣ በእያንዳንዱም 16 የላቲን ፊደል ብቻ ይይዛል፤ የግዕዝ ፊደል አያሳይም። ስለዚህ በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የተራ ቁጥር ብቻ ይሁን፤ ገለጻው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በወረቀት ታትሞ ሰልፉን በሚያስተናግደው ተማሪ እጅ ይያዝና ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው። ንባቡ ከአንድ ደቂቃ እንዳይበልጥ፤ በቀይ ብርሃን የሚነበብ እንዲሆንም ፊደሉ ተለቅ ይበል።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።