ሴት ብቻ ወለደች ስትባል

እህቶቻችን፣ ከቁጠባው ሂሳብ በኋላ ቡና ላይ «እሷ እኮ ሴት ብቻ ነው የምትወልደው» የሚል ወሬ አይጠፋም። እኛ ሂሳብ ሠራተኞች ደግሞ ቁጥር እንወዳለንና በቁጥር እንየው።

በሰውነታችን ህዋስ 46 ክሮሞዞሞች፣ ማለትም 23 ጥንዶች አሉ። የዘር ህዋስ ሲሠራ፣ ሚዮሲስ በሚባለው ክፍፍል፣ ከየጥንዱ አንዱ ብቻ በዕጣ ይደርሰዋል። ሁለትን 23 ጊዜ ብናባዛ 8,388,608 ዓይነት ስብስብ ይወጣል። ጥንዶቹ ከመለያየታቸው በፊት ቁራጭ ስለሚለዋወጡ እውነተኛው ቁጥር ከዚህም በጣም ይበልጣል። የአንድ እናት ልጆች በመልክ መለያየታቸው ምን ይገርማል?

ፆታን የሚለየው አንዱ ጥንድ ነው። የእኛ ኤክስና ኤክስ ስለሆነ እንቁላላችን ኤክስ ብቻ ይሰጣል። የወንዱ ኤክስና ዋይ ነው፤ ግማሹ ዘር ኤክስ፣ ግማሹ ዋይ ይዞ ይወጣል። ወንድ ልጅ የሚመጣው በዋይ ነው። ዕጣው በባል በኩል ነው፤ እሱም ቢሆን መርጦ አይሰጥም።

ዕቁብ ላይ የደረሳት ትወጣለች፣ ያልደረሳት ተራዋ ይቀርባል። ይህ ዕጣ ግን በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይጀመራል፤ አራት ሴት የወለደችም በአምስተኛው ዕድሏ ያው ግማሽ በግማሽ ገደማ ነው። «አሁንስ ወንዱ ደርሷል» እየተባለች አቅሟ ሳይፈቅድ የምትወልድ እህት በመካከላችን አለች። ለአማቶቻችን ይህን እናንብብላቸው።