ቁጥጥሩ ከወደቡ ይጀምር

የተከበራችሁ የጀልባ ባለንብረቶችና ካፒቴኖች፣ የታንኳ ቀዛፊዎች፣ የገዳማት ተወካዮች፣ የፖሊስ አባላትና የትራንስፖርት ባለሙያዎች፤

የጣና ጉዞ ደህንነት የሚወሰነው ጀልባው ገና ወደብ ላይ ሳለ ነው ብዬ አምናለሁ። ሐይቁ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ደቅ ደሴት አካባቢ ለተገለበጠ ጀልባ ከባሕር ዳር የሚላክ እርዳታ በሰዓቱ አይደርስም። መስከረም 10 ቀን 2011 ዓ.ም. በቪክቶሪያ ሐይቅ የተገለበጠችው የታንዛኒያ ጀልባ፣ ኤምቪ ኔሬሬ፣ እንድትጭን የተፈቀደላት 101 ሰው ነበር፤ የሞቱት ብቻ ከ220 በላይ ናቸው። አደጋው የደረሰውም ኡካራ ደሴት ልትገባ ጥቂት ሲቀራት ነው። የየብሱ ቅርበት አላዳናቸውም፤ ያ ሁሉ ሰው ሲሳፈር “በቃ፣ ሞልቷል” የሚል ቢኖር ግን በተረፉ ነበር።

“ጣና እኮ ጥልቅ አይደለም” የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ጥልቁ ስፍራ 14 ሜትር ገደማ ነው። ዋና ለማይችል ሰው ግን ሦስት ሜትርም ይበቃል፤ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ደግሞ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል። ጠዋት የተኛው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ እንደሚነሳ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የመነሻ ሰዓትም የወደብ ቁጥጥር አካል ሊሆን ይገባል።

ቁጥጥሩን የሚቃወመው ሌላው ክርክር የድህነት ነው፤ እኔም በቀላሉ አላልፈውም። በደንገል ታንኳ እንጨት አመላልሶ ልጆቹን የሚያሳድግን ሰው ላይፍ ጃኬት የለህም ብሎ በቅጣት ማስጨነቅ ፍትሕ አይደለም፤ ለእሱ ጃኬቱ በማኅበር በኩል ይቅረብለት። በክፍያ ሰው የሚጭን የሞተር ጀልባ ግን ምክንያት የለውም። ጃኬቱ ከመቀመጫ ሥር መኖሩም አይበቃም፤ በአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ዓመታዊ ዘገባዎች መሠረት በጀልባ አደጋ ከሰጠሙት ከአስሩ ስምንቱ ያህል ጃኬት አልለበሱም ነበር።

ተቆጣጣሪው ሥልጣኑን ለጉቦ ያውለዋል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው። መከላከያው የጀልባው የመጫን ልክ በጎኑ ላይ በትልቁ መጻፉ ነው፤ ያኔ ተሳፋሪው ራሱ ይቆጥራል። በንግሥ በዓላት ምእመናን ወደ ገዳማቱ ሲጎርፉ “ለዛሬ ብቻ” የሚለው ልመና ይበረታል፤ የገዳማት ተወካዮች አስቀድማችሁ ብታስተምሩ ከማንኛችንም በላይ ትደመጣላችሁ።

ከእናንተ የምጠብቀው አንድ ውሳኔ ነው፦ በባሕር ዳር፣ በዘጌ፣ በጎርጎራና በየመሳፈሪያው “ይህ ጀልባ አይነሳም” የማለት ሥልጣን የማን እንደሆነ ለይታችሁ እንድትወጡ። በዚሁ የዛሬው ዐውደ ጥናት መከፈቱን አበስራለሁ።